ካወቅን በኋላ፦ የእናታችን ጭስ እና የእኛ ጭስ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

 

ዛሬ ከፈጅር ጀምሮ ስንት ጊዜ ተነፈሳችሁ? ማናችንም አልቆጠርንም። አንድ ጤነኛ ሰው በቀን 20,000 ጊዜ ያህል ይተነፍሳል። ተኝተንም ቢሆን አይቋረጥም። ተቆጥተንም፣ ወንጀል ላይ ሆነንም፣ አላህን ረስተንም አየሩ ይገባል፣ አየሩ ይወጣል። ክፍያ አልተጠየቅንበትም። ስለዚህም ነው ከኒዕማዎች ሁሉ በላይ የረሳነው።

በአማርኛችን ነፍስ፣ እስትንፋስ እና ነፋስ የአንድ ሥር ቃላት ናቸው። በዐረብኛም ነፍስና ትንፋሽ እንዲሁ የአንድ ቤተሰብ ቃላት ናቸው። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ አት-ተክዊር ንጋት ሲተነፍስ ምሎበታል። ቋንቋው ራሱ እስትንፋስ ቀላል ነገር እንዳልሆነ ይነግረናል።

የዛሬው ጥያቄያችን ይህ ነው፦ ይህን እስትንፋስ ቀስ በቀስ የሚሰርቅ ነገር እንዳለ ካወቅን በኋላ ዝም ማለት ይቻለናል ወይ? የራሳችንን ትንፋሽ በተመለከተስ፣ የእናቶቻችንንስ በተመለከተ፣ አላህ ፊት የምናቀርበው ዑዝር አለን ወይ?

*በዝምታ የሚገባ በሽታ*

ሐኪሞች ሲኦፒዲ ይሉታል። በአማርኛ ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታ ልንለው እንችላለን። ብዙዎቻችን ስሙን አንሰማም፣ በሽታውን ግን እናውቀዋለን። ሦስት ደረጃ ወጥተው የሚያርፉት አባት፣ ሌሊቱን ሲያስሉ የሚያድሩት ጎረቤት፣ ከገበያ ሲመለሱ በየመንገዱ የሚቆሙት አክስት ዘንድ አይተነዋል። ብቻ "እርጅና ነው"፣ "ብርድ መቷቸው ነው"፣ "አስም ነው" ብለን አልፈነዋል።

ሳንባችን ውስጥ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ እየቀጠኑ የሚሄዱ የአየር ቧንቧዎች አሉ። በጫፋቸው ላይ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች አሉ። ኦክስጅን ወደ ደማችን የሚገባው በእነዚህ ከረጢቶች በኩል ነው። ጭስ ለዓመታት ሲገባባቸው ቧንቧዎቹ ያብጣሉ፣ ይጠብባሉ፣ አክታ ይበዛባቸዋል። የከረጢቶቹም ግድግዳ ይፈርሳል። የፈረሰው ከረጢት ተመልሶ አይሠራም። ያን ጊዜ ሰውየው አየር ማስገባት ብቻ ሳይሆን ያስገባውን አየር ማስወጣትም ይቸግረዋል። ደረቱ በአሮጌ አየር እንደተሞላ ይቀርና ለአዲሱ ቦታ ያጣል።

አስቸጋሪው ነገር አላህ ሳንባን ሲፈጥር ብዙ ትርፍ አቅም የሰጠው መሆኑ ነው። ከአቅሙ ብዙው እስኪጠፋ ድረስ ሰው አይሰማውም። ስለዚህ በሽታው ለ20 ዓመት እየሠራ ቆይቶ አንድ ቀን "ድንገት" የመጣ ይመስላል። ድንገት አልመጣም። እኛ ነን ያላየነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2021 በዚህ በሽታ 3.5 ሚሊዮን ሰዎች ሞተዋል። በዓለም ላይ ሰው ከሚሞትባቸው ምክንያቶች አራተኛው ነው። ከ70 ዓመት በታች ሆነው ከሞቱት መካከል 90 በመቶ ያህሉ የሚገኙት በዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። ማለትም እንደኛ ባሉ አገሮች።

አንድ ነገር ደግሞ በደንብ ይታወቅ፦ ይህ በሽታ ተላላፊ አይደለም። የሳንባ ነቀርሳ (ቲቢ) አይደለም፤ ምንም እንኳ ድሮ ቲቢ የነበረበት ሰው ሳንባው ተጎድቶ ለዚህ በሽታ የበለጠ ሊጋለጥ ቢችልም። ከሚያስሉ አዛውንት አጠገብ ሶፍ ላይ መቆምን የሚሸሽ ወጣት ካለ ይህን ይወቅ። ሳሉ ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በላይ ከቆየ፣ ክብደት ከቀነሰ ወይም ደም ያለበት አክታ ካለ ግን ምርመራ ይደረግ፤ ቲቢም ሌላም ሊሆን ይችላልና።

*የመጀመሪያው ጭስ፦ ማንም ያልመረጠው*

ስለ ሳንባ በሽታ ሲወራ ሁላችንም የምናስበው ሲጋራ ነው። በሀብታም አገሮች እውነት ነው፤ ከታማሚዎቹ ከ70 በመቶ በላይ የሆኑት በማጨስ ምክንያት የታመሙ ናቸው። እንደኛ ባሉ አገሮች ግን የማጨስ ድርሻ ከ30 እስከ 40 በመቶ ገደማ ነው። ታዲያ የቀረው ከየት መጣ? ከትልልቆቹ መልሶች አንዱ ያለው ከወጥ ቤት ነው።

እስኪ አስቡት። ባለ ሦስት ጉልቻ ምድጃ፣ መስኮት የሌለው ጠባብ ማድ ቤት፣ በክረምት ያልደረቀ እንጨት፣ ኩበት። ምጣዱ ላይ እንጀራ ይጋገራል፤ እናት እሳቱን እፍ ለማለት ጎንበስ ትላለች፤ ጭሱ ፊቷ ላይ ይመጣል። ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ትጠርጋለች። ጀርባዋ ላይ የታዘለ ሕፃን አለ፤ እሱም እሷ የምትተነፍሰውን ይተነፍሳል። ይህ አንድ ቀን አይደለም። ከልጅነቷ ጀምሮ ከእናቷ ጎን ቁጢጥ ብላ ስትማር፣ ከዚያ አግብታ፣ ከዚያ ልጆች አሳድጋ፣ በረመዷን ለሰሑርም ለኢፍጣርም፣ ለዒድም ለሰርግም ለሐዘንም። 40 እና 50 ዓመት።

ይህች እናት አንድም ሲጋራ በአፏ አላስገባችም። ሲጋራ ፓኮ ላይ ማስጠንቀቂያ ይጻፋል፤ ጉልቻዋ ላይ ግን ማንም አልጻፈላትም። ሐኪም ዘንድ ስትሄድ "ታጨሻለሽ ወይ?" ብትባል ትደነግጣለች፣ ምናልባትም ትቆጣለች። ሆኖም ሳንባዋ ውስጥ ያለው ጉዳት ከአጫሽ ሳንባ ጋር ሊመሳሰል ይችላል።

በዓለም ላይ 2.1 ቢሊዮን የሚሆኑ ሰዎች እስከዛሬ በእንጨት፣ በከሰል፣ በኩበትና በመሳሰለው እየተቃጠለ ጭስ በሚያወጣ ነገር ያበስላሉ። በ2020 የቤት ውስጥ ጭስ ለ3.2 ሚሊዮን ሰዎች ሞት ምክንያት እንደሆነ የዓለም ጤና ድርጅት ገምቷል። ከእነዚህ ውስጥ ከ200,000 በላይ የሚሆኑት 5 ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ናቸው።

እዚህ ላይ ወንድሞቼ፣ ራሳችንን በሐቅ እንጠይቅ። ስለ እናት ሐቅ ብዙ እንሰማለን፣ ብዙም ሼር እናደርጋለን። እናትን አስቀድሞ ሦስት ጊዜ የጠቀሰውን የነብያችንን (ሰ.ዐ.ወ) መልስ ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን። ግን ከማድ ቤቱ በር ላይ ቆመን "እማ፣ ምሳ ደረሰ?" ከማለት አልፈን ጭሱ ውስጥ የገባነው ስንት ጊዜ ነው? የእናታችንን ሰብር እናደንቃለን። ሰብር ትልቅ ዒባዳ ነው። ነገር ግን ልናስወግደው የምንችለውን ጉዳት እያየን "እናቴ ታጋሽ ናት" ማለት እሷን ማክበር አይደለም። ትዕግሥቷን ለስንፍናችን መሸፈኛ ማድረግ ነው።

እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቤት ውስጥ ምን ይሠሩ እንደነበር ተጠይቃ ቤተሰባቸውን በማገልገል ላይ ይሆኑ እንደነበር፣ የሶላት ወቅት ሲደርስ ደግሞ ወደ ሶላት ይወጡ እንደነበር ተናግራለች። ቡኻሪ ዘግበውታል። የሰው ዘር አለቃ የቤት ሥራ ካላሳፈራቸው እኛን የሚያሳፍረን ምንድን ነው?

ምን ማድረግ ይቻላል? ብዙ ገንዘብ የማይጠይቁ ነገሮች አሉ። ማድ ቤቱ መስኮት ከሌለው መክፈት፤ ጭሱ የሚወጣበት ቀዳዳ ከጣሪያው ሥር ማበጀት። እንጨቱን ቀደም ብሎ ፈልጦ ማድረቅ፤ እርጥብ እንጨት ነው አብዝቶ የሚያጨሰው። ሲቻል ከቤት ውጭ ማብሰል። ሕፃናትን ከእሳቱ አርቆ መያዝ፤ ምጣድ በተጣደ ቁጥር ልጁን የሚይዝላት አንድ ሰው መኖር። መብራት ካለ የኤሌክትሪክ ምጣድ፤ ከሌለ ለእንጀራ እንደ ምርጥ ምድጃ፣ ለከሰል እንደ ላቀች ያሉ የተሻሻሉ ምድጃዎች ጭሱንም የማገዶ ወጪውንም ይቀንሳሉ። ጭሱን ሙሉ በሙሉ አያጠፉትም፤ ስለዚህ የተሻሻለ ምድጃ የገዛም ሰው መስኮቱን አይዝጋ። የከሰል ምድጃ ደግሞ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ጨርሶ አይታደር፤ ሽታ የሌለው መርዝ አለው፣ በአንድ ሌሊት ቤተሰብ ይጨርሳል።

ለዒድ ለእናታችሁ ስጦታ ልትገዙ ካሰባችሁ ሦስት አራት ሆናችሁ አዋጡና ምድጃ ወይም የኤሌክትሪክ ምጣድ ግዙላት። ሻሹም ጥሩ ነው፤ ትንፋሿ ግን ይቀድማል። አቅም ያለው ደግሞ ለአንዲት የቲም አሳዳጊ እናት ይግዛ። ጭስ የቀነሰበት ቤት ውስጥ በሚተነፍሱት ነፍሶች ቁጥር አጅር እንከጅላለን።

*ሁለተኛው ጭስ፦ እኛ የመረጥነው*

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። እናቱ ካልመረጠችው ጭስ ውስጥ አብስላ ያበላችው ልጅ ከበላ በኋላ ወጥቶ በገንዘቡ ጭስ ይገዛል።

በሲጋራ ብዙ አንከራከርም። ጎጂነቱን አጫሹም ያውቀዋል። ሺሻ ላይ ግን ራሳችንን ስናታልል እንገኛለን። "ሺሻ እኮ ሲጋራ አይደለም"፣ "ውኃው ያጣራዋል"፣ "የፖም ነው፣ የሚንት ነው" እንላለን። ውኃው ጭሱን ያቀዘቅዘዋል እንጂ መርዙን አያጣራውም። እንዲያውም ስለቀዘቀዘና ስለጣፈጠ በጥልቀትና ለረጅም ጊዜ ይሳባል። ለአንድ ሰዓት ያህል ሺሻ የሚስብ ሰው የሚያስገባው የጭስ መጠን ከአንድ ሲጋራ ጭስ ከ100 እስከ 200 እጥፍ ሊደርስ እንደሚችል የዓለም ጤና ድርጅት አስጠንቅቋል። ከላይ የሚቀመጠው ከሰል ደግሞ የራሱን መርዝ ይጨምርበታል። በር ተዘግቶ፣ መጋረጃ ወርዶ፣ ዕጣን ጨሶ በሚቃምበት ቤት ውስጥ የተቀመጠ ወጣት ቧንቧውን ባይዝም እንኳ ከጭሱ ድርሻውን ይወስዳል።

ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጥሩና መጥፎ ጓደኛን በሽቶ ሻጭና ወናፍ በሚነፋ ቀጥቃጭ መስለውልናል። ከቀጥቃጩ ዘንድ የተቀመጠ ወይ ልብሱ ይቃጠላል፣ ወይ መጥፎ ሽታ ይዞ ይወጣል። ይህን ሐዲስ ስለ ጓደኝነት ስንሰማ ኖረናል። ለአንዳንዶቻችን ግን ምሳሌ ብቻ አይደለም፤ ከሺሻ ቤት ስንወጣ ልብሳችን ላይ ያለው ሽታ ነው።

ወንድሜ፣ ዕድሜህ 20 ወይም 22 ከሆነ ይህን ልብ በል። የሰው ሳንባ ሙሉ አቅሙን የሚያገኘው በ20ዎቹ ዕድሜ መጀመሪያና አጋማሽ ገደማ ነው። ከዚያ በኋላ በጤነኛ ሰውም ቢሆን በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ እየቀነሰ ይሄዳል። ለ70 እና 80 ዓመት የሚበቃ ስንቅ በዚህ ዕድሜ ይሞላል ማለት ነው። የሚያጨስ ሰው ገና ሳይሞላ ያጎድለዋል፣ ከሞላም በኋላ ከሌላው በፈጠነ ፍጥነት ይጨርሰዋል። ከእርጅና በፊት ወጣትነትን፣ ከበሽታ በፊት ጤናን እንድንጠቀምበት የተነገረን ምክር በሳንባችን ላይ እንዲህ ቃል በቃል ይሠራል።

የምሥራች ግን አለ። ያቆመ ሰው የጠፋውን መልሶ ባያገኝም ጥፋቱ ይቀንስለታል፤ ሳንባው የሚደክምበት ፍጥነት ወደማያጨስ ሰው ፍጥነት ይጠጋል። በማንኛውም ዕድሜ ማቆም ይጠቅማል፣ ቶሎ ማቆም ደግሞ እጅግ ይበልጣል። ተውባን ይመስላል፤ ያለፈው አልፏል፣ ከዛሬ ጀምሮ ያለው ግን ይድናል። "አልችልም" የምትል ወንድሜ፣ በረመዷን ከፈጅር እስከ መግሪብ ስንት ሰዓት ትቆያለህ? በየቀኑ፣ ለ29 ወይም ለ30 ቀን። ሱሱ ቀላል ነው አልልህም፣ ኒኮቲን በእውነት ያስራል። ግን እንደምትችል አንተው በየዓመቱ ታስመሰክራለህ። ካቃተህ ሐኪም አማክር፤ እርዳታ መፈለግ ውርደት አይደለም።

*"የራሴ ሳንባ ነው"*

ይህን መልስ ብዙ ጊዜ እንሰማዋለን። ሁለት ነገር እንበልበት።

አንደኛ፣ ያንተ አይደለም። አልገዛኸውም፣ አልሠራኸውም። አማና ነው። አላህ በሱረቱል በቀራ 195ኛው አንቀጽ ራሳችንን በገዛ እጃችን ወደ ጥፋት እንዳንጥል ከልክሎናል። ነብዩም (ሰ.ዐ.ወ) ቀን እየጾመ ሌሊት እየቆመ ራሱን ላደከመው ወጣት ሰሓባ፣ ለዐብደላህ ኢብኑ ዐምር፣ አካሉ በእሱ ላይ ሐቅ እንዳለው ነግረውታል። አስተውሉ፤ ወጣቱ ራሱን ያደከመው በዒባዳ ነበር። በዒባዳ እንኳ አካልን መበደል ካልተፈቀደ በጭስ እንዴት ይፈቀዳል?

ሁለተኛ፣ ጭስ ድንበር አያውቅም። የምታወጣውን ጭስ ታናሽ ወንድምህ ይተነፍሰዋል፣ ሚስትህ ትተነፍሰዋለች፣ ገና ያልተወለደው ልጅህም ድርሻው ይደርሰዋል። መጉዳትም ጉዳትን በጉዳት መመለስም እንደሌለ የሚናገረው ሐዲስ ከትልልቆቹ የሸሪዓ መርሆች አንዱ ነው። ነጭ ሽንኩርትና ሽንኩርት የበላ ሰው ከመስጂድ ይራቅ ተብሎ የለ? ምክንያቱም የሰው ልጅ በሚረበሽበት ነገር መላእክትም ይረበሻሉ። ሽንኩርት ሐላል ነው፣ ሳንባም አይጎዳም። በሽታው ብቻ ነው የተከለከለው ሳይሆን ሽታው እንኳ ሌላውን ከረበሸ ታሰበበት። ታዲያ ሽታውም መርዙም ያለበት ጭስስ?

የአገራችን ሕግም በዚህ ላይ አለ። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት በተዘጉ የሕዝብ መገልገያና የሥራ ቦታዎች ማጨስ የተከለከለ ነው፤ ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰው ትምባሆ መሸጥም እንዲሁ። ታክሲ ወይም ካፌ ውስጥ የሚያጨስን ሰው በአደብ "ወንድሜ፣ እባክህ" ማለት ጣልቃ መግባት አይደለም፤ ሐቅን መጠየቅ ነው።

*"አላህ የጻፈው አይቀርም"*

ሌላው መልስ ይህ ነው። "አያቴ ዕድሜ ልኩን አጭሶ 90 ዓመት ኖረ፤ ያላጨሰው ጎረቤታችን በ50 ሞተ። ሁሉም ቀደር ነው።"

አዎ፣ ሁሉም ቀደር ነው። ግን ዑመር ኢብኑል ኸጣብን (ረ.ዐ) እናስታውስ። ወደ ሻም ሲጓዙ ሰርግ የሚባል ቦታ ላይ ወረርሽኝ እንደገባ ሰሙና ሊመለሱ ወሰኑ። አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ) ከአላህ ቀደር መሸሽ ነው ወይ ብለው ጠየቋቸው። ዑመርም ከአላህ ቀደር ወደ አላህ ቀደር እንደሚሸሹ መለሱ። ምሳሌም ሰጡ፦ አንድ ሰው ግመሎቹን ይዞ አንዱ ጎኑ ለምለም፣ ሌላው ጎኑ ደረቅ የሆነ ሸለቆ ቢወርድ በለምለሙም ቢያሰማራ በደረቁም ቢያሰማራ በቀደር ነው።

ይህ ጥልቅ ትምህርት ነው። ቀደር በኋላ ዞር ብለን የምንጽናናበት እንጂ በፊት ላይ ቆመን የምንሰንፍበት አይደለም። የታመመውን ሰው "አላህ ጽፎት ነው፣ ወንጀል ማበሻ ያድርግልህ" እንለዋለን። ያልታመመውን ግን "ግመሎችህን ወደ ለምለሙ ንዳ" እንለዋለን። ሁለቱን ካምታታናቸው ታማሚውን በወቀሳ እንገድለዋለን፣ ጤነኛውን ደግሞ በቀደር ስም እናዘናጋዋለን።

*ማወቅ ፍርድን ይለውጣል*

ትምባሆ ወደ ሙስሊሙ ዓለም የገባው ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ካረፉ ወደ 1,000 ዓመት ሊሞላ ሲቃረብ ነው። ሲመጣ ዑለማዎች ተለያዩበት፤ አንዳንዱ ፈቀደ፣ አንዳንዱ ጠላ፣ አንዳንዱ ከለከለ። ምን እንደሚያደርግ በእርግጠኝነት አልታወቀም ነበርና። ጉዳቱ በሕክምና እየተረጋገጠ ሲመጣ ግን ብዙዎቹ የዘመናችን ዑለማዎች ወደ ሐራምነቱ አዘነበሉ። ትምባሆው አልተለወጠም፤ ዕውቀታችን ነው የተለወጠው። ዕውቀቱ ሲለወጥ ተጠያቂነቱም ተለወጠ።

የዛሬው ነጥባችን እዚህ ላይ ነው። አያቶቻችን የማድ ቤት ጭስ ሳንባ እንደሚበላ አልተነገራቸውም፤ ዑዝር አላቸው ብለን በአላህ እንከጅላለን። አባቶቻችን ሲጋራ እንደ ሥልጣኔ በሚታይበት ዘመን ጀመሩት። እኛስ? እኛ በኪሳችን ስልክ ይዘን፣ አንብበን፣ ሰምተን፣ አውቀን ነው ያለነው።

በቲርሚዚ የተዘገበ ሐዲስ አለ። በቂያማ ቀን የሰው ልጅ ስለ አራት ነገሮች ሳይጠየቅ እግሩ ንቅንቅ አይልም፦ ዕድሜውን በምን እንዳሳለፈው፣ በዕውቀቱ ምን እንደሠራበት፣ ገንዘቡን ከየት አግኝቶ በምን እንዳጠፋው፣ አካሉን በምን እንዳስረጀው። አንድ ምሽት ሺሻ ላይ ያለፈን ጊዜ በእነዚህ አራት ጥያቄዎች መዝኑት። ዕድሜው፣ ዕውቀቱ፣ ገንዘቡ፣ አካሉ። አራቱም በአንድ ቧንቧ ይወጣሉ።

ከአራቱ ውስጥ ግን ዕውቀትን ለብቻ እንየው። የተጠየቀው "ታውቅ ነበር ወይ?" ብቻ አይደለም፤ "ምን ሠራህበት?" ነው። ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ የምትዘጉ ሰዎች ከዛሬ ጀምሮ ታውቃላችሁ። ጸሐፊውም ያውቃል። ስለዚህ ስለ በሽታው ማሳወቅ የሐኪሞች ሥራ ብቻ አይደለም፤ በዚያ ጥያቄ ፊት ባዶ እጅ ላለመቅረብ የሚደረግ ሥራ ነው።

*ለታመሙት አደብ*

አንድ ሰው ታሞ ስታገኙት የመጀመሪያ ጥያቄያችሁ "ታጨስ ነበር?" አይሁን። አጭሶም ከሆነ ዛሬ የሚያስፈልገው ትንፋሽ እንጂ ፍርድ አይደለም። ትንፋሽ ያጠራቸው ብዙ አዛውንቶች ቤት የሚውሉት አፍረው ነው። ሲያስሉ ሰው ዞሮ ስለሚያያቸው ከጀማዓ ይቀራሉ። ለእነሱ ወንበር አምጡላቸው፣ በር አካባቢ አየር ያለበት ቦታ ልቀቁላቸው። መስጂድ ውስጥም ቤት ውስጥም ቡኹርና ዕጣን ሲጨስ አጠገባቸው አይሁን። ከሱጁድ ሲነሱ የሚቸገሩትን አስታውሷቸው፦ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ታሞ ለነበረው ለዒምራን ኢብኑ ሑሰይን ቆሞ እንዲሰግድ፣ ካልቻለ ተቀምጦ፣ ካልቻለም በጎኑ እንዲሰግድ ነግረውታል። ተቀምጦ መስገድ ለታመመ ሰው ጉድለት አይደለም፣ የአላህ ስጦታ ነው።

ምርመራውም አለ። ስፓይሮሜትሪ ይባላል፤ መሣሪያ ውስጥ በኃይል በመተንፈስ ሳንባ ምን ያህል አየር በምን ፍጥነት እንደሚያወጣ ይለካል። አያምም፣ መርፌም የለውም። ሁሉም ጤና ጣቢያ ላይ ላይገኝ ስለሚችል ወደ ትልልቅ ሆስፒታሎች መጻፍ ሊያስፈልግ ይችላል። በሽታው ጨርሶ ባይድንም ትንፋሽን የሚያቀሉ መድኃኒቶች አሉ፤ ብዙዎቹ በአፍ የሚነፉ ናቸው። "የሚነፋ መድኃኒት ከጀመሩት ሱስ ይሆናል" የሚለው የሰፈር ወሬ ስንቱን ከሕክምና አስቀርቷል! ሱስ አይሆንም። በጾም ጊዜ መጠቀሙን በተመለከተ የዑለማዎች አስተያየት ስለሚለያይ ከረመዷን በፊት ሐኪማቸውንም የሚያምኑትን ዓሊምም ይጠይቁ እንጂ በራሳቸው አያቋርጡ። የአላህ ባሮች ሆይ ታከሙ የተባልን ኡመት ነን።

*እስከሚቀጥለው ጁሙዐ*

ትልቅ ዘመቻ አልጠይቃችሁም። ሦስት ነገር ብቻ።

1. በዚህ ሳምንት አንድ ቀን፣ ምድጃው ሲነድ፣ ማድ ቤት ግቡና ከእናታችሁ ወይም ከእህታችሁ ጋር ሙሉውን ጊዜ ቆዩ። ዓይናችሁ ሲያቃጥል ምን መለወጥ እንዳለበት ራሱ ይነግራችኋል።

2. የምታጨሱ ከሆነ አንድ ቀን ቁረጡና ለምታምኑት አንድ ሰው ንገሩት። የማታጨሱ ከሆነ ደግሞ ለማቆም ለሚታገል አንድ ወንድም ጓደኛ ሁኑት፤ አትስበኩት፣ አብራችሁት ዋሉ።

3. ከአንድ ወር በላይ የሚያስል ወይም ደረጃ ሲወጣ የሚቆም ሰው በቤታችሁ ወይም በሰፈራችሁ ካለ "እርጅና ነው" ማለት ትታችሁ እጁን ይዛችሁ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

በዓለም ደረጃ የዚህ በሽታ ቀን በየዓመቱ በኅዳር ወር አካባቢ፣ በፈረንጆቹ ኖቬምበር ሦስተኛ ረቡዕ ይታሰባል። ለእኛ ግን አንድ ረቡዕ አይበቃንም። ሙእሚኖች እንደ አንድ አካል ናቸው ተብለናል፤ አንዱ ብልት ሲታመም ሌላው እንቅልፍ ያጣል። ሌሊት ትንፋሽ አጥሯት ትራስ ተደግፋ የምታድር እናት ካለች ከእኛ አንዱ ብልት ነው እየታመመ ያለው።

አላህ ሆይ! የሰጠኸንን እስትንፋስ አንተን በማውሳት የምናሳልፈው አድርግልን። ትንፋሽ ላጠራቸው ሁሉ ደረታቸውን አስፋላቸው፣ ሕመማቸውን ማበሻ አድርግላቸው። ለእናቶቻችን በጭስ ውስጥ ያሳለፉትን ዓመታት በጀነት ንፁሕ አየር ካሳቸው። በሱስ ለታሰሩት ወንድሞቻችንና እህቶቻችን መውጫውን አግራላቸው። ባወቅነው የምንሠራ አድርገን። የመጨረሻዋን ትንፋሻችንንም ላ ኢላሃ ኢለላህ በሚለው ቃል አሳምርልን። አሚን።

ሶለዋት በነብያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ማብዛትን አትርሱ፤ ጁሙዐ ነውና። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።